ማይኩ ተማሪው እጅ ሲገባ፦ በምህንድስና ትምህርት ኮንፈረንስ ላይ ተማሪ መር ፓነል እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ የተቀመጥኩበትን ፓነል ልንገራችሁ። አራተኛ ዓመት ነበርኩ። አንድ የምህንድስና ትምህርት ኮንፈረንስ ላይ «የተማሪዎች ድምፅ» የሚል ፕሮግራም ተያዘና አምስታችን ተመረጥን። የተመረጥነው በማርክ ነው። መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። የፕላስቲክ አበባ አለ። የታሸገ ውሃ በየፊታችን ተደርድሯል። አወያያችን የተከበሩ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ለመግቢያ ብለው አስራ ስምንት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ለአምስታችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ደረሰን። «ስለ ትምህርት ጥራት ምን ትላላችሁ?» አምስታችንም «ትምህርቱ ተግባር ተኮር ቢሆን» አልን። አዳራሹ አጨበጨበ። ሻይ ቡና ወጣን።

በመሐላችን ክፉ ሰው አልነበረም። ፕሮፌሰሩም ቀና ሰው ናቸው። ግን እኛ እዚያ የነበርነው እንደ አበባው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጅማ ላይ አራት ፓነል አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለቱን ራሴ አወያይቻለሁ። አንዱ ተበላሽቶብናል፣ እመጣበታለሁ። ይህን የምጽፈው በቀጣዩ ኮንፈረንስ ላይ «ተማሪዎችም አንድ ነገር አቅርቡ» ለምትባሉት ነው። ስምንት ሳምንት ካላችሁ በቂ ነው። አራት ሳምንት ካላችሁም ይቻላል፣ እንቅልፍ ግን ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ የምህንድስና ትምህርት ጉባኤ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የምህንድስና ትምህርት ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። የአውሮፓው አቻው ሴፊ በ1973 ተቋቋመ። ቤስት የሚባለው የአውሮፓ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ማኅበር በ1989 መጣ፤ ስፒድ የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች መድረክ ደግሞ በ2006። ዓመቶቹን ስታዩአቸው መምህራኑ ቁጭ ብለው ስለ ተማሪ መነጋገር ከጀመሩ በኋላ ተማሪው ወንበር እስኪያገኝ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይገባችኋል። ስለዚህ ወንበሩን ስታገኙ አታባክኑት።

አንድ፦ «ተማሪ መር» ማለት ምን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ

ሦስት ነገር ነው። ጥያቄውን የሚመርጠው ተማሪ ነው። ተናጋሪውን የሚጋብዘው ተማሪ ነው። ማይኩን የሚይዘው ተማሪ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ስም ስጡት።

ይህ ማለት መምህር አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንድ አማካሪ መምህር የግድ ያስፈልጋችኋል። ያለ ደብዳቤ አዳራሽ አይከፈትም፤ ደብዳቤ ደግሞ ያለ ፊርማ አይወጣም። አማካሪያችሁን ስትመርጡ ዝናቸውን አትዩ። ስልክ የሚያነሱትን፣ «ጥያቄያችሁ ትንሽ ይለዝብ» የማይሉትን ምረጡ። በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው፦ «መምህር፣ የምንፈልገው በሩን እንዲያስከፍቱልን ነው፤ ውስጥ ያለውን እኛ እንወጣዋለን።» አብዛኛው መምህር እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል። ሥራ ቀነሳችሁለት እኮ።

አዘጋጅ ቡድኑ ከአራት ሰው አይብለጥ። አንድ አወያይ፣ አንድ ተናጋሪዎችን የሚከታተል፣ አንድ ከኮንፈረንሱ አዘጋጆች ጋር የሚገናኝ፣ አንድ ማስታወሻ ያዥ። አሥር ሰው ያለበት ኮሚቴ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ስቲከር ይላላካል እንጂ ሥራ አይሠራም።

ሁለት፦ ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ፈልጉ

ፓነል የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፤ አዳራሽ ከመግባታችሁ ስምንት ሳምንት በፊት።

«የተግባር ትምህርት አስፈላጊነት» ርዕስ ነው። በርዕስ ሁሉም ይስማማል። ሁሉም የተስማማበት ነገር ደግሞ ሰባ አምስት ደቂቃ አይሞላም። «በሰባት ሰው የግሩፕ ፕሮጀክት ሁለቱ ሠርተው ሰባቱም እኩል ማርክ ማግኘታቸው ይቁም ወይስ ይቀጥል?» ግን ጥያቄ ነው። ይቺን ዶርም ውስጥ ጣሉና ውጡ፤ ስትመለሱ ሲጨቃጨቁ ታገኟቸዋላችሁ።

ጥያቄ ለመሰብሰብ «በምን ርዕስ ላይ እንወያይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ሲጠየቅ ተማሪ ዜና አንባቢ ይሆናል፤ «የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር» ይላችኋል። ይልቅ «ባለፈው ሴሚስተር በትምህርት ጉዳይ በጣም ያናደዳችሁ ቀን የቱ ነው?» በሉ። መልሱ ቀን፣ ቦታና ሰው ይኖረዋል። እኛ ይህን ጥያቄ ለሦስት ክፍል በትንን። በማግስቱ መልሶቹን ስናነብ ሩቡ ያህሉ ስለ ላብራቶሪ ወረፋ ነበር። ማንም «የላብራቶሪ ወረፋ» የሚል ርዕስ አይሰጠንም ነበር።

የጅማ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ጥያቄ እጃችሁ ላይ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው የተነሳው። ሲቢቲፒ እያልን የምንጠራው ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም የዚያ ልጅ ነው። ተማሪው በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይወርዳል፣ ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ችግር ይለያል፣ የአቅሙን ይሠራል። ነገሩ ሥር የሰደደው በጤናው በኩል ነው። ታዲያ «ሲቢቲፒ ሐኪምን እንደሚያስተምረው ሲቪል መሐንዲስንም ያስተምራል ወይ?» ብላችሁ የምህንድስና ተማሪዎች ባሉበት ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ጠይቁ። አንዱ «ሕይወቴን የቀየረው እሱ ነው» ይላል። ሌላው «መጠይቅ ሞልተን መጣን፣ አለቀ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳም ይህ ከየትም የማያገኘው ነገር ነው።

ሌሎች የሚሠሩ ጥያቄዎች አሉ። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከመጣ በኋላ አምስተኛ ዓመት ላይ የምናነበው ለሙያው ነው ወይስ ለፈተናው? በኢንተርንሺፕ ወራት የሚያስተምረን ማን ነው፣ ፋብሪካው ወይስ ግቢው? ወይስ ማንም?

ጥያቄያችሁን በሦስት ነገር ፈትኑት። የሚለያዩ ሁለት ተማሪዎች አሉ ወይ? ተማሪው ከራሱ ኑሮ ሊመልሰው ይችላል ወይ? መልሱን ሰምቶ አንድ ነገር መቀየር የሚችል ሰው አዳራሹ ውስጥ ይገኛል ወይ? ሦስተኛውን መፈተኛ ሰው ይረሳዋል። የበጀት ጥያቄ አንስታችሁ ስለ በጀት የሚወስን ሰው ከሌለ እርስ በርስ እየተዋዛችሁ ነው የምትውሉት።

ሦስት፦ ሰው ፈልጉ፣ ግን ቀለሜዎችን ብቻ አይደለም

አራት ተናጋሪ ይበቃል። አምስት ይበዛል፤ ስድስት ሰልፍ ነው።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። አንድ ሦስተኛ ዓመት፣ ገና የሚናደድ። አንድ ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ)፣ ሁሉንም አይቶ የጨረሰ። አንድ በቅርብ የተመረቀ፣ ሥራ ያገኘ ወይም እየፈለገ ያለ። አራተኛው ተማሪ ያልሆነ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን ዲን ወይም ፕሮፌሰር አይሁን። እነሱ ታዳሚ መቀመጫ ላይ ይሻላሉ፤ እዚያ ሆነው ይሰማሉ። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። አንዲት ሴት ብቻ ካስቀመጣችሁ «ስለ ሴቶች ተሳትፎ ምን ትያለሽ?» የምትባለው እሷ ናት፤ ቴርሞዳይናሚክስ በ«ኤ» ብትጨርስም።

አሁን ዋናው ሥራ። ተናጋሪዎቹን ሰብስባችሁ ስብሰባ አታድርጉ። እያንዳንዱን ለብቻው ካፌ ይዛችሁ ሂዱና ሃያ ደቂቃ አውሩ። ደብተር ያዙ። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም አንድም እርምጃ አላውቅም።

አንዷን ላሳያችሁ። የሜካኒካል ተማሪ ነች፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለኮንፈረንሱ የምትመጣ። በስልክ ስንጋብዛት «እሺ» ብቻ አለች። በኦንላይን ስብሰባ ላይ ማይኳን አንዴም አልከፈተችም። ልንቀይራት ነበር። ጅማ የገባች ዕለት ማታ ሻይ ጋበዝኳትና ስለ ወርክሾፕ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀኝ እጇን አንስታ አየር ላይ የሆነ ነገር አዞረች፤ አንድ ዙር። «ይሄን ያህል ነው» አለችኝ። ሌዝ ማሽን ማለቷ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ቶርኖ የምንለውን። «ሃያ ስድስት ነበርን። መምህሩ ከፊት ቆሞ ያሳያል። እኔ አጭር ስለሆንኩ ጀርባ ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ ተራ በተራ አንድ አንድ ጊዜ እጀታውን እንድናዞር ተደረገ። በአራት ዓመት ብረት የነካሁት ያኔ ነው።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ «ነገ ይህንኑ፣ በዚሁ እጅሽ።» በማግስቱ መድረክ ላይ እጇን አንስታ አየር ላይ አንድ ዙር ስታዞር አዳራሹ ጸጥ አለ። «ተግባር ተኮር» የሚለው ቃል አንዴም አልተነሳም።

ካፌ ላይ የምትጠይቁት ይህን ይመስላል። ያ ቀን ምን ሆነ? ማን ነበር አጠገብህ? ምን ብትባል ይሻል ነበር? ሌሎቹ በምን የሚሳሳቱ ይመስልሃል? የመጨረሻዋ ወርቅ ናት። ልዩነቱ የት እንዳለ ቀድሞ የሚነግራችሁ እሷ ናት።

ለዚያው ፓነል አራተኛ ተናጋሪ ያደረግነው የወርክሾፕ ቴክኒሺያን ነበር፤ ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ የምንላቸው ትልቅ ሰው። ስንጋብዛቸው «እኔ ምን አውቄ?» ብለው ሳቁ። አምስተኛ ዓመት ተማሪ የማያውቀውን ያውቃሉ፦ የትኛው ማሽን ይሠራል፣ የትኛው ለእንግዳ ብቻ ነው የሚበራው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው።

አራት፦ ሰዓቱን ታገሉለት

ለኮንፈረንሱ አዘጋጆች የምትልኩት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ጥያቄው፣ ለምን አሁን፣ እነማን ይናገራሉ፣ ታዳሚው ምን ይዞ ይወጣል፣ ስንት ደቂቃ። የምትጠይቁት ሰባ አምስት ደቂቃ ይሁን። ዘጠና ስጡን ብትሉ ስልሳ ይሰጧችኋል፤ ስልሳ ብትሉ አርባ አምስት። ይህንን ድርድር ከመርካቶ የለመዳችሁት ነው።

የትኛው ሰዓት? ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለ። በመኪና የመጣ እንግዳ ደክሞት ነው የሚያድረው። በመጀመሪያው ጠዋት ደግሞ የመክፈቻ ንግግር፣ የክብር እንግዳ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ይደራረባል፤ የሚቆረጠው ሁልጊዜ የተማሪው ሰዓት ነው። የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ከሻይ በፊት ያለውን ጠይቁ። ዓርብ ከሆነ ተጠንቀቁ። የዓርብ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ጅማ ላይ ጁምዓ የሚሰግደው ሰው ብዙ ነው። ፓነላችሁ 5፡30ን ካለፈ ግማሹ አዳራሽ ይነሳል፣ ልክም ነው። ምሳ ካለ የጾም ምግብ መኖሩንም ጠይቁ። ይህ የእናንተ ሥራ አይመስልም፣ ግን የተራበ ተናጋሪ አጭር ይመልሳል።

አሁን የተበላሸብንን ልንገራችሁ። የታተመው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ነበር። «8:30» ይላል። እኛ ፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ ገብቶናል፣ ከጠዋቱ 2፡30 ማለት ነው። በቅርብ የተመረቀው ተናጋሪያችን ግን በእኛው ሰዓት አነበበው። ከቀኑ 8፡30 ላይ ኮቱን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የሚናገረውን አጥንቶ መጣ። እኛ ጠዋት በሦስት ሰው ተንገዳግደን ጨርሰናል። በሩ ላይ ያየሁት ፊቱ እስካሁን አይረሳኝም። ያን ቀን ካፌ ወስጄ የጋበዝኩት ቡና ዕዳዬን አይከፍልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በእጃችሁ ጻፉለት፦ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30፣ በሀገራችን ሰዓት።» ዋዜማውን ማታ ደግሞ ደውሉ። ቴክስት አይበቃም።

አምስት፦ ሰባ አምስቱን ደቂቃ ከፋፍሉት

ጅማ ተቀምጦ ቡና ሳይጠሩ መጻፍ ይከብዳል፤ ይቅር በሉኝ። እኛ ፓነሉን የምንከፍለው በአቦል፣ ቶናና በረካ ነው። ሲነገረው ማንም አይረሳውም፤ ለአወያዩም ያመቻል።

መግቢያ አራት ደቂቃ። የሕይወት ታሪክ አይነበብም። ስም፣ ዓመት፣ ዲፓርትመንት፣ አለቀ።

አቦል አስራ ስድስት ደቂቃ፤ ለአራት ሰው አራት አራት ደቂቃ። እዚህ ሐሳብ አንጠይቅም፣ ገጠመኝ ነው የምንጠይቀው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ጥያቄ፤ ካፌ ላይ ከሰማችሁት የወጣ። «አንድ ዙር ስላዞርሽው ማሽን ንገሪን።»

ቶና ሃያ ደቂቃ። ሁለት የክርክር ነጥብ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። እዚህ ጋ ተናጋሪዎቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ እንጂ ከአወያዩ ጋር ብቻ አይደለም። አወያዩ «ከእሷ የምትለየው የቱ ላይ ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ይላል። እውነቱን ለመናገር ፓነል የሚባለው ይህ ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላው ማሟሻ ነው።

ታዳሚ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከዚያ በረካ ስምንት ደቂቃ፤ ለአራቱም ሁለት ሁለት። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት አንድ ሰው አንድ ነገር ለምን። ማንን? ምን?» ሁለት ደቂቃ ይተርፋል። እሱ ለመብራት ነው።

ጥያቄዎቹን ለተናጋሪዎቹ ከሦስት ቀን በፊት ላኩላቸው። መልስ ጽፈው እንዳይመጡ ግን አስጠንቅቁ። ወረቀት ይዞ የመጣ ተናጋሪ ያነባል፤ ያነበበ ተናጋሪ አጠገቡ ያለውን አይሰማም።

ስድስት፦ ልምምድና አዳራሽ

አንድ ልምምድ ብቻ፣ ዋዜማውን፣ ሠላሳ ደቂቃ። መልሱን አታለማምዱ፤ መድረክ ላይ ሲደገም ይበርዳል። የምትለማመዱት ማይክ አያያዝ ነው (ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል ራቅ)፣ ወንበር አቀማመጥ ነው፣ መቆረጥ ነው። አዎ፣ መቆረጥ። አወያዩ እያንዳንዱን ሰው መሐል ላይ አንድ ጊዜ ያቋርጠው። በማግስቱ ሲቋረጥ አይደነግጥም፣ አይቀየምም።

ረጅሙን ጠረጴዛ አስነሱ። አበባውንም። ወንበሮቹን ግማሽ ክብ አድርጉ፣ ተናጋሪዎቹ እንዲተያዩ። አንድ ጊዜ ለማማር ብለን የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቀመጥን። ፎቶው አማረ። አርባኛው ደቂቃ ላይ ግን ሁሉም ወገቡን ይዞ ነበር። በርጩማው ለቡና እንጂ ለፓነል አይደለም።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ 184 ሜጋ ዋት ጣቢያ ጎረቤታችን ነው፣ እኛም አንዳንዴ በሻማ ነን። ፓነል ፓወር ፖይንት የማይፈልግ መሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ማይክ ቢጠፋ ተናጋሪው ይነሳ፣ ታዳሚው ወደ ፊት ይጠጋ። ይህን ዋዜማውን ተነጋገሩበት።

ቋንቋም አለ። ኮንፈረንሱ በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ተናጋሪው ግን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲናገር ሌላ ሰው ከሆነ ይናገር፤ ከቡድናችሁ አንዱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያሳጥርለት። ኦቦ በአፋን ኦሮሞ ነበር የተናገሩት። በእንግሊዝኛ ቢሆን «ታንክ ዩ» ብለው ይቀመጡ ነበር።

ሰባት፦ ዕለቱ

አወያይ ሆይ፣ ሥራህ ማዳመጥና መቁረጥ ነው። ሴት ከሆንሽም እንዲሁ፤ እንዲያውም ለሴት አወያይ መቁረጡ ይከብዳል፣ ስለዚህ በደንብ ተዘጋጂ።

በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው። ዘዴው ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ጠዋት ሻይ ላይ ፕሮፌሰሩ ጋ ሂዱና «ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ለእያንዳንዱ አስተያየት ሰጪ አንድ ደቂቃ ነው ያለን። ስነሳ ሰዓቱ አልቋል ማለት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በሉ። ይስቃሉ፣ «ምንም ችግር የለም» ይላሉ። ከዚያ ስትነሱ እሳቸው ራሳቸው ያሳጥራሉ። ካላሳጠሩ ደግሞ፦ «ፕሮፌሰር፣ ይቺን ነጥብ እዚህ ጋ ልያዛትና ለሦስተኛ ዓመቷ ልስጣት፤ ምን ትመልሽላቸዋለሽ?» ሐሳባቸውን አከበራችሁ፣ ማይኩንም ወሰዳችሁ።

ማይክ ስል፦ ለታዳሚ አትስጡት። ረዳታችሁ ይያዝለት። አንዴ እጁ ከገባ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ይጀመራል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር በሀገራችን ስንት አዳራሽ እንደቀበረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዳሚው ከመጠየቁ በፊት ሦስት ደቂቃ ስጡት፤ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ይነጋገር። ከሃያ አምስቱ ላይ የምትከፍሉት ነው፣ ግን ያዋጣል። ፍሬሽ ማኑ ጥያቄውን ጎረቤቱ ላይ ሞክሮት ስለሆነ እጁን ያወጣል። የመጀመሪያውን ዕድል ለተማሪ ስጡ። የመጀመሪያው ጠያቂ ዶክተር ከሆነ ቀጣዮቹ አምስቱም ዶክተር ይሆናሉ። የሚያፍር እንዳይቀር ባዶ ካርድ በየወንበሩ ላይ አስቀምጡ። ሹል ሹል ጥያቄዎች ከካርድ ነው የሚመጡት።

አንድ ስስ ጉዳይ አለ። ተማሪው ነገ ተመልሶ የሚማረው ከዚያው መምህር ነው። ግሬድ አለ። ስለዚህ ሁለት ሕግ መግቢያ ላይ ተናገሩ። አንደኛ፣ የመምህር ስምም ሆነ የኮርስ ስም አይነሳም፤ የምናወራው ስለ ሆነው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ለንደን ያለው ቻተም ሐውስ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አለ፦ የሰማኸውን ይዘህ መውጣትና መጠቀም ትችላለህ፣ ማን እንደተናገረው ግን አትናገርም። ይህን ካወጃችሁ ቪዲዮ አይቀረጽም ማለት ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ አስረዱ። አሥራ አምስት ሴኮንድ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ የወጣች ንግግር ተናጋሪዋን ሴሚስተሩን ሙሉ ታሳድዳታለች።

ዝም ያለ ተናጋሪ ካለ በስሙ ጥሩት፣ ግን አጠቃላይ ጥያቄ አትስጡት። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሳይሆን «ካፌ ላይ የነገርከኝን የቡድን ፕሮጀክት አስታወስከው?» በሉት። ይነቃል።

የእኛን ፓነል የቀየረው የታዳሚ ጥያቄ ነው። አንድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ በካርድ «ወርክሾፑ ቅዳሜ ለምን ይዘጋል?» ብሎ ጻፈ። አወያይዋ ለኦቦ አነበበችላቸው። ኦቦ ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ግራ ተጋቡ። «ቅዳሜ እኮ እኔ እዚያው ነኝ» አሉ። «እስከ ስድስት ሰዓት እቀመጣለሁ። የሚመጣ የለም። የጠየቀኝም የለም።» ከፊት የተቀመጡት የዲፓርትመንት ኃላፊ ብዕር ሲያወጡ አየሁ።

ስምንት፦ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ገጽ

ማስታወሻ ያዡ የተባለውን ሁሉ እንዳይጽፍ። በበረካው ዙር የተለመኑትን አራት ነገሮች፣ የተለመነውን ሰው ኃላፊነት (ስም ሳይሆን)፣ ታዳሚው የሰጠውን አንድ ሁለት ሐሳብ። ሦስት ቀን ካለፈ ማንም አያነበውም። ለተናጋሪዎቹ መጀመሪያ አሳዩአቸው፤ «እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ አውጡት።

ከአራቱ ልመና አንዱን ብቻ ምረጡና ተከተሉት። በጣም ትንሹን፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን። እኛ ቅዳሜን መረጥን። ሌሎቹ ሦስቱ ስለ አዲስ ማሽንና ስለ ሥርዓተ ትምህርት ነበሩ፤ እነሱ ወረቀት ላይ ይቆዩ።

ገጹን በኢሜይል አትላኩት። ሁለት ሆናችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ይኑር። እኛ ከጂሲዋ ጋር ነበር የሄድነው። ኃላፊው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «የወርክሾፑን ተማሪዎች ለሁለት እንከፍላቸዋለን፣ ግማሹ ቅዳሜ ጠዋት ይግባ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን። «ግን ቅዳሜ ጠዋት ትመጣላችሁ ወይ?»

እኔ ልመልስ ስል ጂሲዋ ቀደመችኝ። «እኔማ ተመራቂ ነኝ፣ ዶክተር። ሦስተኛ ዓመቶቹን ጠርቼ ላምጣና እነሱን ይጠይቋቸው።» ያን ዕለት ከሰዓት አስራ አንድ ሆነው መጡ። አንዱ ቱታውን ለብሶ ነበር።